የከተማ ፕላን ውይይት ላይ ተጠርቻለሁ፤ እጄን አውጥቼ ምን ልጠይቅ?

ጡረተኛዋ መምህርት (ደብረ ብርሃን)፦

ጤና ይስጥልኝ። 31 ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። በሚመጣው ረቡዕ በከተማው ፕላን ረቂቅ ላይ ውይይት አለ፤ እድራችን ሦስት ሰው እንዲልክ ተጠይቆ አንዷ እኔ ሆኛለሁ። የተመረጥሁት በዕውቀቴ አይመስለኝም። የእድሩ ጸሐፊ «እርስዎ ዝም አይሉም፣ እዚያ ይሂዱልን» ነው ያለኝ።

ረቂቁ አዳራሹ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ትናንት አየሁት። ካርታ ማንበብ አልቻልህም ብዬ ስንቱን ተማሪ እንደጣልሁ እያስታወስሁ፣ እኔ ራሴ ግማሽ ሰዓት ቆሜ ቤቴን ፈለግሁ። ቢጫው መኖሪያ ነው፤ እኛ ቢጫው ውስጥ ነን፤ ይሁን። ከሰፈራችን በታች ወደ በሬሳ የሚወርደው ወንዝ ዳርና ዳሩ አረንጓዴ ተቀብቷል፤ ነገር ግን እንደ ነጠላ ጥለት የቀጠነ ነው። ማዶ ያለው፣ እስከ ዛሬ ገብስና ባቄላ የሚዘራበት ሜዳ ደግሞ እኩሌታው ቢጫ፣ እኩሌታው የፋብሪካ ሐምራዊ ሆኗል።

ከተማዋ አትደግ የምል ሰው አይደለሁም። ዩኒቨርሲቲው፣ የቢራ ፋብሪካዎቹ፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ለስንቱ ልጅ እንጀራ ሆነዋል። ሥራ ፍለጋ 130 ኪሎ ሜትር አዲስ አበባ መውረድ ብቻ ነበር መንገዱ።

የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ጎረቤቴ የሚንቀሳቀሰው በተሽከርካሪ ወንበር ነው። ኮብልስቶኑን ልጆች እየገፉለት ደሴ መንገድ አስፋልት ዳር ይደርሳል። እዚያ የጎርፍ ቦይ አለ፤ በላዩ የተጋደመው ሁለት የባሕር ዛፍ ግንድ ነው። ሰውየውን አንድ ጊዜ፣ ወንበሩን አንድ ጊዜ ተሸክመው ያሻግራሉ። ጉሊት የሚቸረችሩትን ሴቶችም ካርታው ላይ ፈልጌ አጣኋቸው፤ ጋሪዎቹንም እንዲሁ። ንግድ የተባለ ቀይ ቦታ አለ፤ ሦስት መደብ ድንች ይዞ ቀይ ውስጥ የሚያስገባ ሰው ያለ ግን አይመስለኝም።

እስካሁን የተገኘሁባቸው ስብሰባዎች አንድ ዓይነት ናቸው። «መብራት መቼ ይገባልናል?» ይባላል፤ «በቅርቡ» ይባላል፤ ይጨበጨባል፤ ሻይና ዳቦ ይመጣል። እባካችሁ፣ ቃለ ጉባኤ ላይ የሚሰፍር፣ መልሱ «በቅርቡ» ሊሆን የማይችል ጥያቄ ንገሩኝ።

ቀያሹ፦

መምህርት፣ እንኳንም ተመረጡ። በትንንሽ ከተሞች የፕላን ሥራ ላይ ዘጠኝ ዓመት ቆይቻለሁ። በቁጥር ብቻ የሚመለስ ነገር ይጠይቁ፤ «በቅርቡ» ቁጥር አይደለም።

ከሰዉ ብዛት ይጀምሩ። በ1987 ቆጠራ ደብረ ብርሃን 38,717 ነዋሪ ነበራት፣ በ1999 ደግሞ 65,231። ያ ፍጥነት ባይጨምር እንኳ በ17 ዓመት ገደማ እጥፍ ያደርሳል። ከ1999 ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ ስላልተካሄደ ረቂቁ ላይ የሚያዩት የነዋሪ ቁጥር ግምት ነው። በምን ተሰላ? ተከራዩ አለበት? ተፈናቅለው መጥተው በመጠለያ ያሉትስ? ትምህርት ቤቱም፣ ውኃውም፣ መካነ መቃብሩም የሚለካው በዚያ ቁጥር ነውና እዚህ ላይ አይልቀቋቸው።

ቀጥሎ 30፣ 30፣ 40 የሚባል ነገር ይነግሩዎታል፤ ከመሬቱ 30 በመቶ ለመንገድና ለመሠረተ ልማት፣ 30 በመቶ ለአረንጓዴና ለክፍት ቦታ፣ 40 በመቶ ለግንባታ ማለት ነው። «አሟልተናል» ይሉዎታል፤ ያሟሉም ይሆናል። ሆኖም ገደሉንና ከከተማ ዳር ያለውን የባሕር ዛፍ ተራራ ሁሉ ደምሮ 30 መሙላት ቀላል ነው። እኔም ሠርቼዋለሁ፣ አልዋሽዎትም። ስለዚህ በመቶኛው አይርኩ፤ ከቤትዎ ደጃፍ ተነሥቶ አንድ ሕፃን ኳስ የሚጫወትበት ቦታ ለመድረስ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅበት ይጠይቁ።

ጉሊቱና ቦዩ ግድግዳው ላይ የሌሉት ወደው አይደለም። በከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 መሠረት መዋቅራዊ ፕላን የ10 ዓመት ሰነድ ነው፤ ከተማዋ ወዴት እንደምታድግና ዋና ዋናውን የመሬት አጠቃቀም ይወስናል። የሰፈር መንገድ፣ የሕንፃ ከፍታ፣ ክፍት ቦታ የሚዘረዘረው በአካባቢ ልማት ፕላን ነው። የእናንተ ሰፈር የአካባቢ ልማት ፕላን በስንተኛው ዓመት ይሠራል? በጀቱስ ተይዟል? ይህ ሲዘገይ ጨረቃ ቤት ይቀድመዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚሠራው ፕላን ሳይሆን ማፍረስ ነው።

የወንዙ ዳር አረንጓዴ እንደ ጥለት ቀጠነ ስላሉት ደግሞ የጂኦግራፊ መምህርት ለሆኑት ለእርስዎ እኔ ምን እነግርዎታለሁ? የካርታው ጥግ ላይ ስኬል አለ። ማስመሪያ ይያዙ።

የማዶው ልጅ፦

እትዬ፣ ያ ቢጫና ሐምራዊ ያሉት ሜዳ ውስጥ የአባቴ ማሳ አለበት። እኛ ጋ የውይይት ጥሪ አልደረሰም።

በ2011 የወጣው የካሳ አዋጅ ቁጥር 1161 ምትክ መሬት ሳያገኝ ለዘለቄታው ለሚነሣ ገበሬ ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ በ15 ተባዝቶ ይከፈለው ይላል። ቀድሞ በ10 ነበር። በኋላ ማሻሻያ ስለወጣ የቅርቡን ያረጋግጡ። እንግዲህ ገንዘቡ መጣ እንበል። አንድ ጎረቤታችን በካሳው ሚኒባስ ገዛ፤ መንዳት አያውቅም፤ ሹፌር ቀጠረ፤ ሁለተኛው ክረምት ሳይመጣ መኪናዋ ጋራዥ ቀረች። ዛሬ ባቄላ ይዘራበት በነበረው መሬት ላይ የሰው ግቢ ዘበኛ ሆኖ ያድራል። ስለ ካሳው ልክ ከመጠየቅዎ በፊት የመልሶ ማቋቋሙ ሰነድ ከፕላኑ ጋር ቀርቦ እንደሆነ ይጠይቁልን። ስንት አባወራ፣ በምን ሥራ?

ባለ ክራንቿ፦

መምህርት፣ አንድ ነገር ብቻ። ስለ ጎረቤትዎ አይናገሩ፤ ይዘዋቸው ይሂዱ። በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅ በአንቀጽ 36 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች እንዲመቹ አዝዟል፤ ቦይ ላይ ስለተጋደመ ግንድ ግን የሕንፃ አዋጅ አይናገርም። እሱን መጠየቅ ያለብን እኛው ነን። ደግሞስ አዳራሹ ደረጃ አለው?

አላፊ አግዳሚ፦

ዳቦው መኖሩ ከተረጋገጠ እኔም እመጣለሁ።

ጡረተኛዋ መምህርት (ደብረ ብርሃን)፦

ሄጄ መጣሁ። ዳቦው አለ፤ ሻይው ቀዝቅዞ ነበር።

አዳራሹ አራት ደረጃ አለው። ጎረቤቴን የእድሩ ጎረምሶች ከነወንበሩ አንሥተው ሲያስገቡት መድረክ ላይ ያሉት ሁሉ አዩ። ተራው ሲደርስ «እንዴት እንደገባሁ አይታችኋል፤ ጥያቄዬ እሱ ነው» ብሎ ዝም አለ። ቦዩ ቃለ ጉባኤ ላይ ሰፍሯል።

የነዋሪውን ቁጥር ስጠይቅ «ዝርዝሩ በሰነዱ ላይ አለ» ተባልሁ። ሰነዱ ለማንም አልታደለም። ይህንንም አጻፍሁ፤ ጸሐፊዋ ቀና ብላ አየችኝ።

ከዚያ ማስመሪያዬን አወጣሁ። ስኬሉ 1፡5,000 ነው፤ ጥለቱ በእኛ በኩል 3 ሚሊሜትር፣ ማለትም 15 ሜትር። ባለፈው ነሐሴ ደራሹ እስከ ባሕር ዛፎቹ ሥር መጥቶ ነበር፤ ከወንዙ አፋፍ 40 እርምጃ ነው፣ በእኔ እርምጃ ወደ 25 ሜትር ይሆናል። ስለዚህ ቢጫው መጀመሪያ ላይ 10 ሜትር ያህሉ ክረምት ላይ ውኃ ነው። ወጣቱ ባለሙያ በእርምጃ የተለካ አይያዝም ብሎ ተከራከረኝ። «እሺ፣ በሜትር ለካው» አልሁት። ሳቀና ካርታው ላይ በእርሳስ ምልክት አደረገ።

ቅዳሜ ገበያ ስለሆነ ለሐሙስ ጠዋት ተቀጣጥረናል። የማዶው ልጅ፣ አባትህን ይዘህልኝ ና፤ ደራሹ በእናንተ በኩል የት ድረስ እንደሚወጣ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ስለ መልሶ ማቋቋሙም ራሳቸው ይጠይቁት። ባለሙያውን ቦቲ ጫማ አድርገህ ና ብየዋለሁ።