ክርክር፦ ዘፈኑ የዘፋኙ ብቻ ነው እንዴ? ስለ ጆቫኒ ሪኮ ቤዝ

የጉለሌው፦
ሰላም ቤተሰብ። ትላንት ማታ ከስራ ስመለስ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ውስጥ የማህሙድ አህመድ «ኧረ መላ መላ» ተከፈተ። ሹፌሩ ከኋላ ወንበር ስር ትልቅ ስፒከር አስገጥሟል መሰለኝ ድምፁ በጆሮዬ ሳይሆን በወገቤ ነው የገባው፣ እና እኔ ይሄን ዘፈን ከልጅነቴ ጀምሮ ስንቴ እንደሰማሁት ቁጥሩን አላውቀውም ቤዙን፣ ያንን ከስር የሚመጣውን የወፍራም ጊታር ድምፅ፣ ግን ገና ትላንት ሰማሁት። ማህሙድ «ኧረ መላ መላ» እያለ ሲንከራተት ከስር አንድ ሰው ያቺኑ አጭር ሀረግ ሳይሰለች ያዞራታል፣ አይቸኩልም፣ አያምርብኝ ብሎ አይጨማምርም፣ ቀጥ አርጎ ይዞታል። እሱን ሰውዬ ብታወጡት ዘፈኑ መሬት የለውም። ቤዙን የመታው ጆቫኒ ሪኮ ነው፣ የአይቤክስ ባንዱ፣ በኋላ ሮሃ ባንድ የሆነው። ጎኔ የተቀመጡትን ሶስት ሰዎች ጠየኳቸው አንዳቸውም ስሙን ሰምተውት አያውቁም፣ ሶስቱም ግን ዘፈኑን ከዳር እስከ ዳር በቃላቸው ይዘፍኑታል።

ስለዚ ለክርክር የማቀርበው ይሄን ነው፦ ዘፈን የዘፋኙ፣ የግጥምና የዜማ ደራሲው ብቻ ተደርጎ መቆጠሩ ልክ አይደለም። ባንዱ ውስጥ ያለው ሰው በተለይ ማንም ዞር ብሎ የማያየው ቤዚስቱ ስሙ ሊፃፍ ይገባል፣ ገንዘብም ከመጣ ድርሻ ሊኖረው ይገባል ባይ ነኝ። የምትቃወሙ ቅረቡ።

የካሴት ዘመን፦
የኔ ልጅ ፍቅርህን አከብራለሁ በሃሳብህ ግን አልስማማም። እኛ ያንን ዘመን ኖረንበታል። ሰው ካሴት ቤት ሲሄድ «የጥላሁን አለ ወይ፣ የማህሙድ አለ ወይ» ነበር የሚለው። ደሞ ለምን እንደዛ ሆነ ካልክ በኛ ሀገር ሙዚቃ ማለት ቃል ነው፣ አዝማሪውን ብታየው ማሲንቆውም ድምፁም ግጥሙም ያው አንድ ሰው ነው፣ ሰው የሚያዳምጠው ምን አለ ብሎ ነው እንጂ ምን ተመታ ብሎ አይደለም። ባንድ ሲመጣም ይሄው ልማድ ቀጠለ። ጆቫኒ ትልቅ ሙዚቀኛ ነው እሱን አልክድም፣ ግን የባንዱ መሪ ስለነበረ ተረሳ ከምንላቸው ሰዎች ውስጥ አይደለም። ስሙን የሚያውቀው ያውቀዋል።

የጉለሌው፦
ጋሼ እርሶ ያውቁታል፣ እኔ እስከ ትላንት አላውቀውም ነበር፣ 34 አመቴ ነው። የባንድ መሪ ሆኖ እንኳ እንዲህ ከተረሳ መሪ ያልሆኑት ምን ሊባሉ ነው? ሙላቱ አስታጥቄን አለም ያውቀዋል፣ ይገባዋልም። የዋሊያስ ባንዱን መላከ ገብሬን ግን ስንት ሰው ያውቃል? በፈረንጅ 1977 የወጣው «ቼ በለው» የሚባለው አልበም ላይ ቤዙ የሱ ነው፣ «ሙዚቃዊ ስልት» ያለችው እዛ ላይ ነው። «ሙዚቃዊ ስልት»ን ዛሬ የአሜሪካና የአውሮፓ ባንዶች ይጫወቷታል። ድርሰቷ የግርማ በየነ ነው፣ ኦርጋኑ የሃይሉ መርጊያ ነው፣ ይሄ ሁሉ ትክክል፣ ግን ፈረንጁ ቆሞ የሚወዛወዘው ለየትኛው ድምፅ ነው?

ሳውንድማን ሳሪስ፦
አንድ ነገር ላስገባ፣ ስራዬ ድምፅ ማስተካከል ነው። ቤዝ የተረሳው ሰው ስለናቀው ብቻ አይደለም ስላልሰማው ነው። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ባዶውን ሲመታ ወደ 41 ኸርዝ ነው፣ በጣም ዝቅ ያለ ድምፅ ማለት ነው። የድሮዋ ትንሽ ቴፕ ይሄን ድምፅ ማውጣት አትችልም፣ የዛሬው ስልክ ስፒከርም አይችልም። በዛ ላይ ካሴቱ ከካሴት ተገልብጦ፣ እንደገና ተገልብጦ ነው ሰፈር የሚደርሰው፣ በየግልባጩ ድምፁ እየተበላ ሹክሹክታው እየጨመረ ይሄዳል። አባቶቻችን ቤት የደረሰው ዘፈን ድምፅና ሳክስፎን ነበር ማለት ይቻላል። የጉለሌው ትላንት የሆነበት ነገር አይገርመኝም፣ ቤዙ ቤቱ ድረስ መጥቶለት አያውቅማ። ጥሩ ሄድፎን አርጋችሁ ስሙትና ከዛ ተከራከሩ።

ኪቦርዲስቷ፦
እኔ ደግሞ በሌላ በኩል እቃወማለሁ። ቤዝ ቤዝ እያላችሁ ጊታሩን የያዘውን ሰው ታቦት አታርጉት። ከባንድ ዘመን በኋላ ብዙ የምንወዳቸው ካሴቶች ላይ ቤዝ ጊታር የሚባል የለም፣ ኪቦርድ ነው፣ ቤዙን አሬንጀሩ (አቀናባሪው) በግራ እጁ ተጫውቶት ወይ ፕሮግራም አርጎት ነው። አልቅሰንባቸዋል ተሞሽረንባቸዋል። ስለዚህ ዋጋ ያለው መሳሪያው ወይስ ሀሳቡ? እኔ ሀሳቡ ነው የምለው፣ ያ ማለት ደግሞ ክብሩ የአሬንጀሩ ነው። ጆቫኒም ክብር የሚገባው አሬንጅ ስላረገ ነው ካላችሁኝ እስማማለሁ፣ ክር ስለመታ ብቻ ግን አይደለም።

የጉለሌው፦
እህቴ ጥሩ ነጥብ ነው ግን እኮ በዛ ዘመን ሁለቱ አይለያዩም። ባንዱ አንድ ላይ ቁጭ ብሎ ዜማውን ሰምቶ እያንዳንዱ የራሱን ያወጣል። የአይቤክሱ ሰላም ስዩም ጊታሩ ላይ የሰራውን ነገር ማንም ከወረቀት አንብቦ አይጫወተውም፣ ጆቫኒም እንደዛው።

ቤዝ 4 ክር፦
ሁሉንም እያነበብኩ ዝም ብዬ ነበር፣ እኔ ቤዚስት ነኝ፣ 11 አመት ሆነኝ። ስለ እጁ ልንገራችሁ ምክንያቱም «ክር መምታት ብቻ» የሚለው ቃል አሞኛል፣ እህቴ በክፋት እንዳላልሽው አውቃለሁ።

የፈረንጅ ዘፈን ላይ ኮርድ (አንድ ላይ የሚመቱ ድምፆች) ይቀያየራል፣ ቤዚስቱ ኮርዱን ተከትሎ ይሄዳል መንገዱ ተሰርቶለታል። የኛ ዘፈን ብዙ ጊዜ እንደዛ አይሄድም፣ ቅኝት ነው። ትዝታ ሜጀርን ውሰዱ፣ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ፣ አለቀ፣ ፋ የለም ሲ የለም። በፈረንጅ ትምህርት ያደገ እጅ ከሚ ወደ ሶል ሲሄድ ሳያስበው ፋን ይረግጣታል፣ ለሱ መተላለፊያ ናት። እዛች ጋ ትዝታው ይሞታል! ዘፋኙ ምንም ሳይሳሳት አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው «ምን ሆነ» ይላል፣ ምን እንደሆነ ግን አያውቅም። እኔ መጀመሪያ አካባቢ አንድ ሰርግ ላይ ይሄን አድርጌ አንድ አዛውንት ጭፈራቸውን አቁመው ዞር ብለው አይተውኛል፣ እስከ ዛሬ አይናቸው አይረሳኝም።

አምስት ኖታ ይዘህ ስድስት ደቂቃ ሰው ሳይሰለች ማቆየት አለብህ። ብዙ ብትጨምር ዘፋኙን ትጋፋለህ፣ ብታሳንስ ሰው ይቀመጣል። ችክችካ ሲሆን ደሞ ስድስት በስምንት ነው፣ ከበሮው ሶስት ሶስት እያለ ሲነጉድ አንተ ሁለት ላይ ቆመህ ብትይዘው ሌላ ክብደት ይመጣል፣ አንዳንዴ ደሞ አንዷን ምት ሆን ብለህ ትተዋታለህ፣ ትከሻ የሚወርደው እዛች ባዶ ቦታ ላይ ነው። አይቤክስንና ሮሃን ስትሰሙ ጆቫኒ የተዋቸውን ቦታዎች ስሙ። እኔ ከሱ የተማርኩት የቱ ጋ ዝም እንደሚባል ነው፣ በአካል አግኝቼው አላውቅም፣ ካሴት ወደኋላ እያጠነጠንኩ ነው የተማርኩት።

ኪቦርዲስቷ፦
ይቅርታ ወንድሜ፣ ቃሌን አንስቻለሁ። የፋዋን ነገር እኔም በግራ እጄ ሰርቼ አውቃለሁ።

የካሴት ዘመን፦
አንተ ልጅ በደንብ ተናገርክ። ይሄን ስታወራ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በደርግ ጊዜ ሰዓት እላፊ ስለነበር ምሽት ቤት የገባ ሰው መውጣት አይችልም፣ ባንዱም እስኪነጋ ይጫወታል። ዘፋኝ ይደክመዋል፣ ተቀምጦ ይጠጣል፣ ተራ ይለቃል። ባንዱ ግን በመሳሪያ ብቻ ሲጫወት ያድራል። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ሰው ግማሹ ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ ሳለ ድራሙና ቤዙ ብቻ የቀሩ እስኪመስል ድረስ ቀስ እያሉ ይቀጥላሉ። ያኔ አጠገቤ ማን እንደተቀመጠ ረስቼዋለሁ ያ ድምፅ ግን አልጠፋኝም። ቤዙን የሚመታውን ሰው ስም ጠይቄ አላውቅም፣ ይሄን ስፅፍ አፈርኩ። በስሙ ጉዳይ አሸንፋችኋል፣ ይፃፍ። በገንዘቡ ላይ ግን አሁንም አልስማማም። ሙዚቀኛ ለስራው ይከፈለዋል፣ ቤት የሰራ ግንበኛ ቤቱ በተከራየ ቁጥር ድርሻ አይጠይቅም።

ሰነድ አገላባጭ፦
ጋሼ በግንበኛው ምሳሌ ላይ ሕጉ ከእርሶ ጋር አይደለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሙዚቀኛውን ከዋኝ (ስራውን የሚጫወት) ከሚላቸው ሰዎች መሀል ያስገባዋል፣ መብቱም ለ50 አመት ነው የሚጠበቀው። ከዛ በፊት የነበረው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ደራሲው መብት ነበር የሚያወራው፣ ተጫዋቹን በደራሲው ልክ አልያዘውም። እና ችግሩ የቱ ጋ እንደሆነ አስተውሉ፣ «ኧረ መላ መላ» የተቀረፀው በፈረንጅ 1975 ነው፣ አዋጁ የመጣው ወደ 29 አመት ቆይቶ፣ በፈረንጅ 2004። በመሀል ዘፈኑ በፈረንጅ 1986 ቤልጂየም ውስጥ በሸክላ ወጥቶ ለአለም ደርሷል፣ ከዛም ኢትዮፒክስ በሚባለው ተከታታይ የሲዲ ስብስብ ሰባተኛው ላይ ወጣ። ቤት በተከራየ ቁጥር ካሉ ይሄ ቤት ሀገር አቋርጦ ነው የተከራየው። ዛሬ ለሚቀዳ ዘፈን ግን ሰበብ የለንም፣ ሕጉ አለ፣ የጎደለው ውል ነው። ስቱዲዮ የሚገባ ሙዚቀኛ አንዲት ገፅ ወረቀት ላይ ስሙንና ድርሻውን ሳያፅፍ ክሩን ባይነካ ጥሩ ነው።

ቤዝ 4 ክር፦
ወንድሜ ልክ ነህ፣ ግን ወረቀት የጠየቀ ሙዚቀኛ በሚቀጥለው ስራ አይጠራም። እኔ አንድ ስቱዲዮ ውስጥ አንድ አልበም ላይ ሰባት ዘፈን መትቻለሁ፣ በእጅ ተከፈለኝ፣ ሲወጣ ሰባቱም ላይ ስሜ የለም። ስጠይቅ «ቦታ አልበቃም» ተባልኩ፣ ዩቲዩብ ላይ ነው እኮ የወጣው፣ ቦታ እንዴት አይበቃም? ገንዘቡን ትቼዋለሁ፣ ያመመኝ ልጄ «አባዬ ያንተ የቱ ነው» ስትለኝ የማሳያት ነገር ስላጣሁ ነው። መድረክ ላይም ሰው ተነስቶ ዘፋኙ ግንባር ላይ ብር ይለጥፋል፣ ደስ ይላል ባህላችን ነው፣ አንዳንድ ዘፋኝ ሲያበቃ ለባንዱ ያካፍላል፣ እግዜር ይስጠው፣ አንዳንዱ ኪሱ ከቶት ይሄዳል። እኔ 11 አመት ድራሙ አጠገብ ስቆም እስከዛሬ ወደኔ የመጣ የለም፣ አንድ ጊዜ ብቻ አንዲት እናት መጥተው እጄን ስመውኛል።

ከዲሲ፦
እዚህ ያለሁት ልናገር። ዋሊያስ በፈረንጅ 1981 አሜሪካ ለስራ መጥተው ግማሾቹ ወደ ሀገር ሲመለሱ ሃይሉ መርጊያ፣ ግርማ በየነ፣ ሞገስ ሃብቴና መላከ ገብሬ እዚሁ ቀሩ። ሃይሉ ለአመታት እዚሁ ዋሽንግተን አጠገብ ደለስ (Dulles) ኤርፖርት ታክሲ ነድቷል፣ በእረፍቱ ታክሲው ውስጥ ኪቦርድ ይለማመድ እንደነበር ራሱ ተናግሯል። በፈረንጅ 2013 የድሮ ካሴቱ እንደገና ሲታተም አለም አወቀው፣ አሁን በየሀገሩ ይጫወታል። አሳታሚው ሃይሉን ያገኘው ግን በካሴቱ ሽፋን ላይ ስሙ ስለነበረ ነው። ፈላጊው ስም አንብቦ ነው የፈለገው። ስሙ ያልተፃፈውን ማን ይፈልገዋል? በምንስ ይፈልገዋል? ስለዚህ ጋሼ ስሙን ከገንዘቡ ነጥለው አይዩት፣ ስም የሌለው ሰው ገንዘቡ ቢመጣ እንኳ የሚላክበት አድራሻ የለውም።

የካሴት ዘመን፦
ይሄን አላሰብኩትም ነበር። እንግዲህ እንዲህ ልበል፣ የዛሬዎቹ በውል ይስሩ፣ እኔም እደግፋለሁ። የድሮው ላይ ግን ማህሙድ እየዘፈነ ከሰማይ በታች ያለ ሁሉ ሲጨፍር ያንን ድምፅ ለአምስት ሰው ከፋፍዬ ማየት አልችልም። እዚህ ላይ አትግፉኝ።

የጉለሌው፦
አንገፋዎትም ጋሼ። ማህሙድ ላይ ማንም ቅሬታ የለውም፣ እኔም የለኝም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ፣ እርሶ ጋ ካሴቶቹ አሉ አይደል? ሽፋናቸው ላይ ከዘፋኙ ሌላ የተፃፈ ስም ካለ አይተው ይንገሩን፣ እኛ እንመዘግባለን። ቤዝ 4 ክርም ሰባቱን ዘፈኖች ፃፍልን፣ ከሱ እንጀምር።

የካሴት ዘመን፦
አሁን ሳጥኑን ከአልጋ ስር አውጥቻለሁ። መነፅሬን አድርጌ እያየሁ ነው። የመጀመሪያዎቹ አስራ ሁለቱ ላይ «ሮሃ ባንድ» ብቻ ነው የሚለው። አስራ ሶስተኛው ሽፋኑ የለም። እየቀጠልኩ ነው፣ ገና ብዙ ይቀራል።

ቤዝ 4 ክር፦
ጋሼ ሮሃ የሚለውን አይለፉት። ቤዙ የጆቫኒ ነው፣ ከጎኑ በእስክሪብቶ ይፃፉበት።