ከጅማ ሆኖ በተወርዋሪ ኮከብ የሬድዮ ኮንቴስት መግባት ይቻላል?

የሄርማታው ጠጋኝ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ፣ ሄርማታ ውስጥ ሬድዮ፣ ዲኮደርና ስልክ እጠግናለሁ። አንድ ደንበኛ ለጠገንኩለት ላፕቶፕ ብር ሲያጥረው የኤስዲአር ዶንግል ሰጠኝ። ያቺ ፍላሽ የምትመስለው፣ ኮምፒውተር ላይ ስትሰካ ሬድዮ የምትሆነው። ጣሪያ ላይ ሽቦ ዘርግቼ እሷን ማዳመጥ ሱስ ሆኖብኛል።

ነገሩ የሆነው ሐምሌ መጨረሻ ላይ ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ግድም። ጅማ ላይ ማንም የማይሠራበትን የኤፍኤም ቁጥር ከፍቼ ትቼዋለሁ። ሹሹሹ ይላል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ድንገት አንድ ሰውዬ በአረብኛ ሲናገር ጥርት ብሎ ተሰማ። ሁለት ሰከንድ ቢሆን ነው። ከዚያ መልሶ ሹሹሹ። ባለቤቴ ከአልጋ ሆና "አንተ ሰውዬ፣ ጂን ነው እንዴ የምታናግረው?" አለችኝ።

ኋላ ሳነብ ተወርዋሪ ኮከብ ነው አሉኝ። ከ80 እስከ 120 ኪሎሜትር ከፍታ ላይ ሲቃጠል አየሩን ኤሌክትሪክ አስይዞ ያልፋል። ያ ዱካ የሩቁን ጣቢያ ሞገድ ወደ መሬት ይመልሰዋል። ይባስ ብሎ በዚህ መንገድ ተገናኝተው ነጥብ የሚቆጥሩ አማተሮች (ለፍቅሩ ብለው ሬድዮ የሚሠሩ ሰዎች) አሉ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

እኔም ኮንቴስቱ ውስጥ መግባት እፈልጋለሁ። ከጅማ ማን ይሰማኛል? ምን ዕቃ ይበቃኛል? ደግሞ ትልቁ የኮከብ ዝናብ ነሐሴ 6 እና 7 ነው። በነሐሴ ጅማ ላይ እንኳን ኮከብ ጨረቃም አትታይ። ልፋቴ ሁሉ ገደል መግባቱ ነው?

ስደተኛው አንቴና

ወንድሜ፣ ደመናውን እርሳው። ሬድዮ ደመና አያውቅም። እንዲያውም እንዳንተ ቆርቆሮ ሥር ሆኖ ኮከብ የሚቆጥር ሰው በዓይኑ ከሚያየው ይበልጣል፤ ዓይን የማያያቸው ጥቃቅኖቹም ድምፅ ይመልሳሉ።

ሰዓቱን ሳታውቀው ነው የመታኸው። ወደ ንጋት ላይ እኛ ያለንበት የመሬት ጎን ከፊት ነው፤ ኮከቦቹን እየገጨ ይሄዳል። በዝናብ የሮጠ ሰው ደረቱ ይበሰብሳል፣ ጀርባው ይተርፋል አይደል? ማታ 12 ሰዓት ላይ እኛ ጀርባው ጋ ነን።

እኔ ያለሁት ጀርመን ነው። እዚህ ኮንቴስቱ እንዴት እንደሚሄድ ልንገርህ። አብዛኛው ሰው የሚሠራው ኤምኤስኬ144 በሚባል፣ በኮምፒውተር ፕሮግራም አጭር መልእክት በሚላክበት ዘዴ ነው። ከፕሮግራሙ ጀርባ ያሉት ጆ ቴይለር ናቸው፤ በ1993 የፊዚክስ ኖቤል የተሸለሙት፣ ራሳቸውም አማተር የሆኑት። አንዷ መልእክት 72 ሚሊሰከንድ ብቻ ትፈጃለች። 15 ሰከንድ አንተ ትልካለህ፣ 15 ሰከንድ ታዳምጣለህ፣ እንደገና ትልካለህ። በ15 ሰከንድ ውስጥ ያቺው መልእክት ወደ 200 ጊዜ ትደጋገማለች። አንዷ ኮከብ ላይ ከተሳካላት በቃ።

ግን "ሰማሁህ" ማለት ብቻ ነጥብ አያመጣም። የሁለታችሁም የጥሪ ምልክት (የጣቢያችሁ መለያ ስም)፣ ከዚያ ሲግናሉ እንዴት እንደተሰማ የሚናገር ሪፖርት፣ ከዚያ መቀበላችሁን የሚያረጋግጥ ሮጀር፣ ሁሉም በኮከቡ በኩል ማለፍ አለበት። በስልክ "ደረሰህ ወይ?" ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። አንድ ነሐሴ ማድሪድ አካባቢ ካለ ሰው ጋር 35 ደቂቃ ታገልኩ። 1400 ኪሎሜትር ግድም ነው። ሁሉም ነገር አልቆ የቀረን የመጨረሻዋ ሮጀር ብቻ ነበረች። ሽንቴን ይዤ ቁጭ ብያለሁ። ሰዓቱ አለቀ። ዜሮ! በማግስቱ ሰውዬው በኢሜይል "ስልክልህ ነበር" አለኝ። አውቃለሁ፣ ግን አይቆጠርም።

አሁን ያንተ ችግር። በአንድ ነጸብራቅ የሚደረሰው ቢበዛ 2200 ኪሎሜትር አካባቢ ነው። አውሮፓን እርሳ። ናይሮቢ፣ ካምፓላ፣ ካርቱም፣ ጅቡቲ፣ ጅዳ፣ እነዚህ ሁሉ ክልልህ ውስጥ ናቸው። ኮከብ ሞልቷል። የሚያጥርህ ማዶ ሆኖ በዚያው ደቂቃ፣ በዚያው ቁጥር ላይ የሚጠብቅህ ሰው ነው። እዚህ ቅዳሜ ማታ ስከፍት አውሮፓ በሙሉ ነቅቶ ይጠብቀኛል። አንተ ግን ቀጠሮ መያዝ አለብህ።

ቡና በጨው

ቴሌግራም እያለ በኮከብ "ሰላም ነህ?" ለማለት 35 ደቂቃ? እናንተ ሰዎች ሥራ የላችሁም 😂

የሄርማታው ጠጋኝ

@ቡና በጨው ኔትወርክ ሲጠፋ እናወራለን። ማለቴ፣ ዛሬ ከሰዓት።

ጡረተኛው ሞርስ

ልጄ፣ 31 ዓመት በቴሌኮም ሥራ ላይ ነበርኩ። ሞርስ እጄ ላይ ነው ያረጀው። ጥቂት ልጨምርልህ።

መጀመሪያ ሕጉን። ማዳመጥህን ቀጥል። ማሰራጫ ግን ያለ ፈቃድ እንዳትነካ። ሞገዱን የሚያስተዳድረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፤ መሣሪያም ከውጭ ስታስመጣ ይጠየቃል። አዲስ አበባ ስትመጣ አምስት ኪሎ የቴክኖሎጂው ግቢ ጎራ በል። የኢትዮጵያ አማተር ሬድዮ ማኅበር ጣቢያ፣ ኢቲ3ኤኤ፣ እዚያ ነው ያለው። መንገዱን እነሱ ያሳዩሃል።

ሁለተኛ፣ ሲፈቀድልህ በ144 ሜጋኸርዝ አትጀምር። በ50 ጀምር። የሞገዱ ርዝመት በጨመረ ቁጥር ዱካው የሚቆይበት ጊዜ በካሬው ያድጋል። በ144 የምታገኘው ነጸብራቅ በ50 ላይ ስምንት እጥፍ ያህል ይቆያል። ለድሃ ጣቢያ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የሚጠሩበት ቁጥር 50.280 ነው። ለእሱ የሚሆን ዳይፖል (ቀላሉ ባለሁለት ክንድ አንቴና) በጠቅላላው 2 ሜትር ከ84 ሳንቲም ነው፤ የመጋረጃ መስቀያ አሉሚኒየም ይሆናል። ምሰሶው አጣና ይሁን። ብረት ገዝተህ ብር አታባክን።

ሦስተኛ፣ ማንም ያልነገረህ ነገር። ጅማ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ናት። ናይሮቢ ከአንተ ወደ 1000 ኪሎሜትር ናት። የሚጠቅምህ ኮከብ መሃል መንገድ ላይ፣ ከአድማስ 9 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ነው የሚቃጠለው። የጅማ ጋራ ይህን አይጋርድብህም። ሪያድ ግን ከ2100 ኪሎሜትር በላይ ናት። ለእሷ የሚሆነው ኮከብ ከአድማስ አንድ ዲግሪ እንኳ አይሞላም፤ በዚያ አቅጣጫ ደግሞ የጅሬን ተራራ ቆሞልሃል። ሪያድን ከፈለግህ ከሄርማታ ጣሪያ አትልፋ። አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያለበት ከፍታ ላይ ውጣ።

አራተኛ፣ ሰዓት። የኮንቴስት ሎግ (የግንኙነት መዝገብ) በዩቲሲ፣ በዓለም የጋራ ሰዓት፣ ነው የሚጻፈው። በኛ አቆጣጠር ላይ 3 ጨምር። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ እዚያ 00:00 ይሆናል፤ ቀኑ እዚያ ላይ ነው የሚለወጠው። ፈረንጆቹ ሌሊት 6 ላይ፣ እኛ ሲነጋ፣ ሎጉ ደግሞ 9 ላይ። ሦስት ሰዓት በአንድ ራስ! የኮምፒውተርህን ሰዓት በጂፒኤስ አስተካክል። በ15 ሰከንድ ተራ ሁለት ሰከንድ ከዘገየህ የሌላውን ተራ ትበላለህ።

እኛ ወጣት ሳለን ኮምፒውተር አልነበረም። አውሮፓ ውስጥ አማተሮቹ ሞርሱን ቴፕ ላይ ይቀዱና አፍጥነው ይልኩታል። ተቀባዩም በቴፕ ቀድቶ፣ አዝግሞ ያነበዋል። ከሩቅ እንሰማለን፣ እንቀናለን። በል አንተ ሞክረው።

ስደተኛው አንቴና

ጋሼ የጅሬኑን ነገር እኔም አላሰብኩትም ነበር። አንድ ነገር ልጨምር፤ ለጅማ ከነሐሴው ይልቅ ጀሚኒድስ የሚባለው የታኅሣሡ የኮከብ ዝናብ ይሻላል። የነሐሴው ዝናብ የሚመነጭበት የሰማይ ነጥብ ለእናንተ ቢበዛ 40 ዲግሪ ነው የሚወጣው፣ እሱም ወደ ንጋት ነው። የታኅሣሡ ከምሽት ጀምሮ ይወጣል፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ከ60 ዲግሪ ያልፋል። ታኅሣሥ 4 እና 5 ሌሊት። ደረቅ ወቅት ስለሆነ ጅሬንም ጭቃ የለውም።

የሄርማታው ጠጋኝ

ጋሼ፣ ወንድሜ፣ ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ዘግይቼ ነው የመለስኩት፤ ነሐሴ 7ን ጠብቄ ነበር።

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀምሬ ያችኑ የኤፍኤም ቁጥር ከፈትኩ። ደብተር ይዣለሁ። አጭሯን በነጥብ፣ ከአንድ ሰከንድ በላይ የቆየችውን በሰረዝ ጻፍኩ። መጀመሪያ ላይ አንዲት ነጥብ፣ ረጅም ዝምታ፣ ሌላ ነጥብ። ከ11 ሰዓት በኋላ ገጹ ሞላ። አንዷ አራት ሰከንድ ሙሉ ቆየች። ዘፈን ነበር፣ ከበሮው ሁሉ ይሰማል። ባለቤቴን ቀሰቀስኳት። ስትነሳ ዝም አለ። "ጂኑ ሲያየኝ ሄደ" ብላ ተመልሳ ተኛች። 11 ከ40 ላይ መብራት ሄደ።

ሲነጋ ደብተሩን ሳየው ቀኑን በሦስት ዓይነት ጽፌዋለሁ። ጋሼ ያሉት ደረሰብኝ።

አሁን ሐሳቤ ይህ ነው። ፈቃዱን እጀምራለሁ፤ እስኪደርስ ድረስ አዳምጣለሁ። ናይሮቢ የሚኖር ሰው ይህን ካነበበና ዶንግል ካለው፣ ታኅሣሥ 4 ሌሊት አብረን አንድ ጣቢያ ላይ ሆነን እንቁጠር። ነጥብ የለውም፤ ማዶ ሰው መኖሩን እንድናውቅ ብቻ።

ቅዳሜ ጅሬን ልወጣና ቦታውን ላይ ነው። አጣናውን ግን በባጃጅ አልጭንም አሉኝ።

ቡና በጨው

የአጎቴ ልጅ ናይሮቢ ነው። ዶንግል ስንት ነው?