የብርዱን ወራት በቴኔሪፌ፦ ረቂቁን አብረን እናስተካክለው

ጸሐፊዋ
እንደምን ሰነበታችሁ? ማኅበራችን በስፔኗ የካናሪ ደሴት በቴኔሪፌ የሚያደርገውን ቆይታ ረቂቅ እሑድ ለጠቅላላ ጉባኤው ማስገባት አለብኝ። ስድስት ሳምንት ነው፣ ከጃንዋሪ አጋማሽ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ። እስካሁን የደረሰኝ ሐሳብ ሁሉ ስለ ሽርሽር ነው። ቴይዴ ተራራ፣ ጎረቤቷ ደሴት ላ ጎሜራ፣ ዓሣ ነባሪ ማየት፣ ካርኒቫል። ቆጠርኳቸው፣ አሥራ አራት ሆኑ። ደስ ይላል። ግን የምንቆየው አርባ ሁለት ቀን ነው። የቀሩትን ሃያ ስምንት ቀናት ምን ልናደርግ ነው? ረቂቁ ከዚያ እንዲጀምር እፈልጋለሁ።

ከአምናው ጉዞ አንድ ነገር እስካሁን ከዐይኔ አልጠፋም። ያረፍንበት ቤት ዳገት ላይ ነበር። ባሕሩ ከበረንዳው ይታያል፣ ወርዶ መመለሱ ግን ለደካማ ጉልበት የማይሞከር ነው። ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናታችን ጠዋት ጠዋት ኮፍያቸውን አድርገው፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው በረንዳው ላይ ይቀመጡ ነበር። ለመውጣት ተዘጋጅተው ማለት ነው። ምሳ ሲደርስ ኮፍያውን አውልቀው ይገባሉ። እኛ ሽርሽር ላይ ነበርን።

የቀድሞው የአውቶቡስ ሹፌር
እህቴ፣ ጥሩ አነሣሽው። እንግዲያው መጀመሪያ ቦታውን እንወስን። እኔ ደቡቡን ነው የምለው፣ የባሕር ዳሯን ከተማ ሎስ ክሪስቲያኖስን። ምክንያቱ ቀላል ነው። ነፋሱ ከሰሜን ምሥራቅ ይመጣል፣ ደመናውን ተራራው ላይ አምጥቶ ይቆልለዋል። ስለዚህ ሰሜኑ አረንጓዴና ዳመናማ ነው። ደቡቡ ከተራራው ጀርባ ስለሆነ ደረቅ ነው፣ ፀሐይ ያገኛል። በጃንዋሪ ቀን ቀን 21 ወይም 22 ዲግሪ ይደርሳል።

ዋናው ግን መንገዱ ነው። ሎስ ክሪስቲያኖስ የባሕር ዳር የእግረኛ መንገዱ ሜዳ ነው፣ በአጠገቧ እስካለችው ላስ አሜሪካስ ድረስ ይዘልቃል። ዊልቸር ይሄድበታል። ላስ ቪስታስ በሚባለው የባሕር ዳርቻ ደግሞ መራመድ የሚያስቸግረው ሰው ባሕር የሚገባበት ተንሳፋፊ ወንበር አለ፣ ረዳቶችም አሉ። ሰዓቱን አስቀድሞ መጠየቅ ነው።

የአትክልት አፍቃሪዋ
እኔ አልስማማም፣ ቅር እንዳትሰኙ። ደቡቡ ሆቴል በሆቴል ነው። በሰሜኑ ፖርቶ ዴ ላ ክሩዝ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1788 የተቋቋመ የዕፅዋት ቦታ አለ፣ ገብተሽ ግማሽ ቀን የምትቀመጪበት። ላ ላጉናም ያለችው በዚያው በሰሜኑ በኩል ነው፣ ዩኔስኮ በ1999 የመዘገባት አሮጌ ከተማ። መንገዶቿ ሜዳና ቀጥ ያሉ ናቸው፣ ለሚያነክስ ሰው እንኳ ትመቻለች። ፀሐይ ብቻ ለማየት ነው እንዴ የምንሄደው?

የቀድሞው የአውቶቡስ ሹፌር
እኔ በበኩሌ አዎ፣ ለፀሐይ ነው። እዚህ ሰሜን አውሮፓ በብርዱ ወራት በዘጠኝ ሰዓት ይጨልማል። እዚያ በጃንዋሪ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ድረስ ብርሃን አለ። ሰው ከቤት የሚወጣው ብርሃን ሲያይ ነው። ያንቺን ሐሳብ ግን አልጥለውም። ማረፊያው ደቡብ ይሁን፣ ሰሜኑን ሁለት ሌሊት አድረን እንየው። በአውቶቡስ ይደረሳል። የአገሩ ሰዎች ‘ጓጓ’ ነው የሚሉት፣ ስትጠይቁ እንዳትደናገሩ።

የአትክልት አፍቃሪዋ
ሁለት ሌሊት ካለ እሺ። ላ ላጉና ከፍታ ላይ ስለሆነች ትበርዳለች፣ ሹራብ ያዙ።

ጡረተኛዋ ነርስ
እኔ ረቂቁ ውስጥ እንዲጻፉ የምፈልጋቸው ነገሮች አሉ። የአውሮፓ የጤና መድን ካርዳችሁን አትርሱ። በመንግሥት ሆስፒታል ያሳክማል፣ ግን ታሞ ወደ አገር የመመለሻውን ወጪ አይሸፍንም። ስለዚህ የጉዞ ኢንሹራንስም ያስፈልጋል። መድኃኒት በእጅ ሻንጣ፣ ከነማዘዣው።

ካሊማ የሚባል ነገርም አለ። ከሰሐራ የሚነሣ አቧራ ነው፣ ሰማዩን ቡናማ ያደርገዋል። በፌብሩዋሪ 2020 አውሮፕላን ማረፊያዎቹን ሁሉ አዘግቷል። አስም ያለበት ሰው የዚያን ቀን በሩንም መስኮቱንም ዘግቶ ቤት ይቆይ። ለእንዲህ ዓይነቱ ቀን የቤት ውስጥ መዋያ አስቡ፣ ካርታም ይሁን ዳማ።

ቴይዴን በተመለከተ ጠንከር ብዬ ልናገር። ተራራው 3,715 ሜትር ነው። በገመድ ተንጠልጥሎ የሚወጣው ኬብል ካር ከ2,356 ሜትር ተነሥቶ በስምንት ደቂቃ ያህል 3,555 ሜትር ላይ ያደርሳል። ልባችሁን ወይም ሳንባችሁን የሚያማችሁ፣ እባካችሁ አትውጡ። ከታች ካለው ሜዳ ላይ ሆኖም ዓለቶቹና ጫፉ ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ባሕሩ ዳር 20 ዲግሪ ሲሆን እዚያ ላይ በረዶ ሊኖር ይችላል።

ባሕር ላይ ቀይ ባንዲራ ከተሰቀለ ማንም አይገባም፣ ዋናተኛም ቢሆን። አትላንቲክ ነው።

አንድ አንጋፋ አባል
ልጆቼ፣ ከአሥራ አራቱ ሽርሽር ስትቀንሱ ላ ጎሜራን ግን አትንኩብኝ። ፌሪው ከሎስ ክሪስቲያኖስ ወደብ ይነሣል፣ አንድ ሰዓት ያህል ነው። ኮሎምቦስ በ1492 ስንቁን ሞልቶ የተነሣው ከዚያች ደሴት ነው። እኔን የሚወስደኝ ግን ፉጨቱ ነው። እረኞቹ ከሸለቆ ማዶ ለማዶ በፉጨት ይነጋገራሉ፣ ስፓኒሹን ራሱን በፉጨት ይናገሩታል። በ1999 በትምህርት ቤት መደበኛ ትምህርት ሆነ፣ በ2009 ዩኔስኮ መዘገበው። አንድ ጊዜ በጆሮዬ ብሰማው ደስታዬ ነው።

ጸሐፊዋ
ጋሼ፣ ላ ጎሜራ ተቀምጣለች፣ አትሥጉ። ዓሣ ነባሪውም ይቆያል። በዚያ ባሕር ዓመቱን ሙሉ የሚኖሩ ዓሣ ነባሪዎች ስላሉ ዕድሉ ጥሩ ነው። ከስድሳ ሜትር በላይ የማይጠጋ፣ ፈቃድ ያለው ጀልባ ነው የምንይዘው። ካርኒቫሉን የሚፈልግ በግሉ ይሂድ፣ ሌሊቱ ረጅም ነው። እንግዲህ ትልቁ ጉዞ በሳምንት አንድ ይሁን። ስድስት ሳምንት፣ ስድስት ጉዞ።

ገንዘብ ያዡ
በዚህ እስማማለሁ። ትልልቆቹን እያንዳንዱ ለራሱ ይክፈል። የማኅበሩ ገንዘብ ለየዕለቱ መዋያ ይዋል። የአውቶቡስ ካርድ፣ ዊልቸር ኪራይ፣ ከድካም በኋላ ታክሲ። አምና ገንዘቡን ሁሉ ለሦስት ሽርሽር ጨርሰን የሰው ታክሲ መክፈል አቃተን። የፈረምኩት እኔ ነኝ፣ አሁንም ይቆጨኛል።

ከአዲሶቹ አባላት አንዱ
እኔ አንድ ነገር ልጨምር። በየቀኑ ረፋድ ላይ በባሕር ዳር መንገዱ አንድ ሰዓት እንራመድ። የሚፈጥን ይፍጠን፣ የሚያዘግም ያዝግም፣ ማብቂያው አንድ ቦታ ይሁን። ለታላላቆቻችን ደግሞ ተራ እናውጣ፣ በየቀኑ አንድ ተንከባካቢ። ሰዓቱንም በግልጽ እንጻፍ። አምና ‘በአራት ሰዓት’ ተብሎ አንዱ በእኛ አቆጣጠር፣ ሌላው በፈረንጅ ቆጥሮ አንድ ሰው ስድስት ሰዓት ሙሉ አግዳሚ ወንበር ላይ ቆየ ሲሉ ሰምቻለሁ።

ጸሐፊዋ
እውነት ነው፣ ሆኗል። ‘ከረፋዱ 4 ሰዓት በእኛ፣ 10 በፈረንጅ’ ተብሎ ይጻፋል።

የበረንዳዋ እናት (ልጄ እየጻፈችልኝ)
ስለ እኔ የተጻፈውን አነበበችልኝ። እግዜር ይስጥልኝ፣ አልተቀየምኩም። ግን ‘ተንከባካቢ’ የሚለውን አውጡልኝ። ተራ የወጣለት ሰው መጥቶ ሰዓቱን እያየ ሲጠብቀኝ ይታየኛል፣ እሱ ያሳቅቀኛል። አብሮኝ የሚሄድ ሰው ነው የምፈልገው፣ ወሬ የሚያወራኝ። መንገዱ ላይ ደግሞ ወንበር የት የት እንዳለ እወቁልኝ። ሁለት መቶ እርምጃ እችላለሁ፣ ከዚያ መቀመጥ አለብኝ። ሌላው፣ ያ የሚንሳፈፈው ወንበር። ሰባ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ባሕር ውስጥ ገብቼ አላውቅም። መግባት እፈልጋለሁ።

ከአዲሶቹ አባላት አንዱ
እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ‘የመንገድ ጓደኛ’ ብንለውስ? ተራ ሳይሆን የፈለገ ከፈለገው ጋር።

የቀድሞው የአውቶቡስ ሹፌር
ወንበሮቹን እኔ እቆጥራለሁ። ከእናንተ ሁለት ቀን ቀድሜ ነው የምገባው፣ መንገዱን ተራምጄ በወረቀት ሥዬ እጠብቃችኋለሁ።

ጸሐፊዋ
የተስተካከለው ይኸው፦ ማረፊያ ሎስ ክሪስቲያኖስ፣ ሜዳ ላይ፣ ምድር ቤት ወይም አሳንሰር ያለው። የዕለት የእግር ጉዞ ከረፋዱ 4 ሰዓት በእኛ፣ 10 በፈረንጅ። የመንገድ ጓደኛ በፈቃድ። ትልቅ ጉዞ በሳምንት አንድ፤ ሁለት ሌሊት ሰሜን ከዚያው ውስጥ ይቆጠራል። የነርሷ ማሳሰቢያ እንዳለ ይያያዛል። ላስ ቪስታስ ለወንበሩ እኔ እደውላለሁ። እማማ፣ ውሃው በጃንዋሪ 19 ዲግሪ ገደማ ነው፣ መጀመሪያ ይቀዘቅዛል።

ጡረተኛዋ ነርስ
እኔ አብሬያቸው እገባለሁ። ፎጣ ሁለት ያዙልን።