ክርክር፦ የሥራ ኮድ ሠራተኛው ምን ሲተነፍስ እንደኖረ ይነግረናል?

ጠያቂ፦ ለሳንባ ጤና ጥናት የሠራተኛውን የሥራ ስም እንጠይቃለን። ለስሙ ኮድ እንሰጣለን። ከዚያ «ይህ ሥራ ይህን ያህል አቧራ አለው» ከሚል ሠንጠረዥ ጋር እናገናኘዋለን። ይበቃል ወይ?

ነርስ፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ክሊኒክ የሠራች፦ በፍጹም! በዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት የ2008 (እ.ኤ.አ.) የሥራዎች ምደባ ኮድ 8151ን ክፈቱና እዩ። ጥጥ የሚያዘጋጀው፣ የሚፈትለውና ክር የሚያጠነጥነው የማሽን ሠራተኛ ሁሉ አንድ ኮድ ውስጥ ነው። እኔ የነበርኩበት ፋብሪካ የጥጥ እስር ከሚፈታበት ክፍል የሚወጣ ሰው ቅንድቡ ድረስ ነጭ ነበር። ማጠንጠኛ ክፍል ያሉት እንዲያ አይሆኑም። የጥጥ አቧራ ሕመም ደግሞ የሚብሰው ከእረፍት ማግስት ነው። ሰኞ «ደረቴን ጨምድዶ ያዘኝ» ብሎ የሚመጣው ከየት ክፍል እንደሆነ ሳልጠይቅ አውቅ ነበር።

ተመራማሪ፦ እህቴ፣ ልክ ነሽ። ግን «አቧራ ነበረብህ?» ብለን ሰውየውን ራሱን ብንጠይቅ፣ የታመመው ከጤነኛው አብልጦ ያስታውሳል። ኮዱ ግን ማን እንደታመመ አያውቅም። ደግሞስ ከ20 ዓመት በፊት የነበረን አየር ዛሬ ማን ይለካዋል?

የቀድሞ ሠራተኛ፦ ልጆቼ፣ እኔ 8 ዓመት ካርዲንግ፣ ጥጡን የሚያበጥረው ማሽን ላይ ሠርቻለሁ። መዝገቤ የሚለው «ማሽን ኦፕሬተር» ብቻ ነው። ሰው ሲጎድል ሽመናም ይልኩኝ ነበር። የትኛውን ኮድ ልትሰጡኝ ነው?

ነርስ፦ ይኸው! አቧራ የበላውንና ያልበላውን ስናደባልቅ ብዙውን ጊዜ ልዩነቱ ይደበዝዛል። ከዚያ «አቧራውና ሕመሙ ያላቸው ግንኙነት ደካማ ነው» ተብሎ ይጻፋል። ማስክ ይገዛ አይገዛ ብሎ የሚወስነው ሰው የሚያነበው ይህንኑ ነው። ጋሼ እንግዲህ እዚያ ቁጥር ውስጥ የሉም ማለት ነው።

ተመራማሪ፦ ይህንን እቀበላለሁ። የውጭ ሠንጠረዥ እንዳለ መገልበጡንም አልደግፍም። ፊንላንዳውያን ፊንጄም የሚሉት፣ ከ1945 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በየሥራው ያለውን ተጋላጭነት በየዘመኑ የከፋፈለው ሠንጠረዥ፣ የሚያሳየው የእነሱን ፋብሪካ ነው። ኮዱን ግን አልጥልም። ሁለት ጥያቄ እንጨምርበት፦ የትኛው ክፍል? ስንት ዓመት? ዛሬ ያለውን ደግሞ ከየክፍሉ ጥቂት ሠራተኞች ላይ የአቧራ መለኪያ አስረን እንይ።

ነርስ፦ ሦስተኛም አለኝ። ማሽኑን በምን ነበር የምታጸዱት? በመጥረጊያና በአየር መንፊያ አንድ አይደለም።

የቀድሞ ሠራተኛ፦ በአየር ነበር ልጄ። ፈረቃ ሲያልቅ ልብሳችንንም በዚያው ነበር የምናራግፈው።