ክርክር፦ «ክሪክ»ና «ራን» በአማርኛ ምን ይባሉ?

ተርጓሚዋ፦ ሰላም ወገኖች። በሰሜን ቨርጂኒያ ላሉ አበሾች የሚላክ የጎርፍ ማስጠንቀቂያ እየተረጎምኩ ነው። ፎር ማይል ራን፣ ሆልምስ ራን፣ አኮቲንክ ክሪክ የሚባሉ ውሃዎች አሉበት። እንግሊዝኛው ትናንሽ ወንዞችን የሚጠራባቸው «ራን» እና «ክሪክ» ይተርጎሙ ወይስ እንዳሉ ይቀመጡ?

የአሌክሳንድሪያው፦ ይተርጎሙ እንጂ! «ራን» መሮጥም ማለት ስለሆነ፣ እናቴ «ፎር ማይል ራን» የሚለውን ሰሌዳ ስታይ አራት ማይል የሚሮጥበት ቦታ ነው የመሰላት። ወንዝ አለን፣ ጅረት አለን፣ ፈፋ አለን። ትልቁን ወንዝ፣ ትንሹን ጅረት በሉትና ገላግሉን።

አስተማሪው፦ ችግሩ እዚህ ላይ ነው ወንድሜ። የእንግሊዝኛዎቹ ቃላት መጠን አይለኩም። አሜሪካ ውስጥ «ክሪክ» እዚህ ያበቃል፣ «ሪቨር» ከዚህ ይጀምራል የሚል ሕግ የለም። ቃላቱ የሚነግሩህ ማን እንደሰፈረበት ነው። ኒውዮርክ አካባቢ ጅረትን «ኪል» የሚሉት ደቾች ትተውት የሄዱት ቃል ነው፤ መግደል አይደለም። ሉዊዚያና ውስጥ ቀስ ብሎ የሚፈስ ውሃ የሚጠራበት «ባዩ» ከአገሬው ተወላጅ ከቾክታው ሕዝብ የመጣ ነው። ስኮትላንድ «በርን» ካሉህ ቃጠሎ እንዳይመስልህ፣ እ.ኤ.አ. በ1314 ጦርነት የተካሄደበት ባኖክበርን ስሙን ያገኘው ከጅረት ነው። «ክሪክ» ራሱ እንግሊዝ አገር ባሕር ወደ የብስ የሚገባበት ጠባብ ሰርጥ ነው። ሰፋሪዎቹ አሜሪካ ሲደርሱ በሰርጡ ገብተው ውሃውን ተከትለው ወደ ላይ ወጡ፤ ስሙም አብሯቸው ወጣ። ይህን ሁሉ «ጅረት» ብሎ መደፍጠጥ ያሳዝነኛል።

የአሌክሳንድሪያው፦ ጋሼ፣ ታሪኩን ወድጄዋለሁ። ግን ማስጠንቀቂያውን የምታነበው እናቴ ናት፣ ያውም በሌሊት።

የአርሊንግተኗ፦ እኔ የምፈራው «ጅረት» የሚለውን ነው። ጅረት ሲባል ልጅ ዘሎ የሚሻገረው ውሃ ነው የሚታየኝ። እ.ኤ.አ. ጁላይ 8 ቀን 2019 ጠዋት እዚህ አካባቢ በአንድ ሰዓት ከ80 ሚሊሜትር በላይ ዝናብ ወረደ። ፎር ማይል ራን ሞልቶ ወጣ። መኪናቸው ጣሪያ ላይ ወጥተው እርዳታ የጠበቁ ሰዎች ነበሩ። ጅረት ብትሉን ማን ይሸሻል? ስሙ እንዳለ ይሁን፣ ከኋላው «ወንዝ» ይጨመርበት።

የአሌክሳንድሪያው፦ «ራን ወንዝ»? ወንዝ ወንዝ ማለት አይሆንም?

አስተማሪው፦ ይሁና! እንግሊዞቹስ «ሪቨር ኤቮን» ይሉ የለ? «ኤቮን» በጥንቱ የብሪታንያ ቋንቋ ወንዝ ማለት ነው። እኛም «የለገዳዲ ወንዝ» እንላለን፤ «ለገ» እኮ በኦሮምኛ ወንዝ ነው።

ተርጓሚዋ፦ «ፎር ማይል ራን ወንዝ» ብዬ ጻፍኩት። ሰሌዳው ላይ ያለውን ስም እንዲለዩት፣ ውሃ መሆኑንም እንዳይስቱት። አኮቲንክም እንደዚያው።

የአሌክሳንድሪያው፦ አሁን ደውዬ ለእናቴ አነበብኩላት። «ታዲያ ወንዝ ነው አትሉኝም ኖሯል?» አለች።