የታኅሣሥ 22ን የጨረቃ ግርዶሽ ከፍቅር ሐይቅ ማንሳት ይቻላል?

ጠያቂዋ፦
ሰላም ጎበዝ! ታኅሣሥ 22፣ 2021 ሙሉ የጨረቃ ግርዶሽ አለ። ገና ነው አትበሉኝ፣ ከአሁኑ ልለማመድ ብዬ ነው። ያለኝ ካኖን ከ55-250 ሌንስ ጋር ነው፣ ስታንድም አለኝ። ሐሳቤ ሐዋሳ ፍቅር ሐይቅ ዳር ቆሜ ቀይዋን ጨረቃ ከነነጸብራቋ ውሃው ላይ ማንሳት ነው። ሴቲንጉን ምን ላድርገው? አንዱ ጓደኛዬ ደግሞ መነጽር ካላደረግሽ ዓይንሽ ይጠፋል ብሎ አስፈራርቶኛል።

የታቦር ልጅ፦
መነጽሩን እርሺው፣ እሱ ለፀሐይ ግርዶሽ ነው። ጨረቃን በባዶ ዓይንሽ እስኪበቃሽ እዪያት። ችግሩ ቦታው ነው እህቴ። ግርዶሽ የሚሆነው ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ብቻ ነው፣ ሙሉ ጨረቃ ደግሞ ፀሐይ ስትጠልቅ በተቃራኒው በኩል ነው የምትወጣው፣ ሐይቁ ያለው ከከተማው በስተምዕራብ ስለሆነ አንቺ ውሃ ውሃውን ስታዪ እሷ ከጀርባሽ ትወጣለች። እዚያው ሐዋሳ ያለው ታቦር ተራራ ላይ ውጪና ወደ ምሥራቅ ዙሪ። የከተማው መብራትም ከሥር ይገባልሻል። ብቻሽን ግን አትውጪ። ገና ስትወጣ መቆረስ ትጀምራለች፣ ሙሉ በሙሉ የምትጋረደው ከምሽቱ 1:16 እስከ 2:27 ገደማ ነው። የ2017ቱ ጳጉሜ 2 ላይ ስለነበር ደመናው ያሳስብ ነበር፤ ይሄኛው በጋ ነው፣ ይሻላል።

ካሜራ በትከሻ፦
ቦታውን እሱ ነግሮሻል፣ እኔ ወደ ሴቲንጉ ልግባ። ማንዋል (ሁሉንም በእጅሽ የምትወስኚበት) አድርጊው። ሙሉ ጨረቃ በደህናው ቀን አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ ኤፍ (የሌንሱ ቀዳዳ፣ ቁጥሩ ሲያንስ ይሰፋል) 8፣ ሻተር (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/250ኛ ሰኮንድ ይበቃታል። ስትጋረድ ግን ብርሃኗ በሺዎች እጥፍ ይወርዳል። አይኤስኦ 1600፣ ኤፍ 5.6፣ 1 ሰኮንድ ብለሽ ጀምሪና እያየሽ አስተካክዪ። ቁርጥ ያለ ቁጥር የሚሰጥሽን አትመኚ፣ ምክንያቱም ቅላቷን የሚወስነው የምድር አየር ነው፤ በከባቢ አየራችን ጠርዝ ታጥፎ የሚያልፈው ቀዩ ብርሃን ነው የሚደርሳት። አየሩ በእሳተ ገሞራ ብናኝ ከተሞላ ትጨልማለች። የፊሊፒንሱ እሳተ ገሞራ ፒናቱቦ እ.ኤ.አ. በ1991 ከፈነዳ በኋላ እ.ኤ.አ. የ1992ቱ የታኅሣሥ ግርዶሽ በጣም ጨለማ ነበር። ጨለማ ከሆነች አይኤስኦውን ጨምሪ እንጂ ሻተሩን ብዙ አታርዝሚው፣ ምድር ስለምትዞር ጨረቃዋ ትደበዝዛለች። ፎከሱን ብርሃን እያላት ጠርዟ ላይ በእጅሽ ያዢና አትንኪው። ሌንሱ ላይ ያለውን ማረጋጊያ አጥፊው፣ በ2 ሰኮንድ ታይመር አንሺ። በራው (ካሜራው ባልነካካው ጥሬ ፋይል) ካነሳሽ ደግሞ በኋላ ታመሰግኚኛለሽ።

ጠያቂዋ፦
በጣም አመሰግናለሁ! ሐይቁ ግን ቀረ ማለት ነው? ልቤ እዚያ ነው ያለው።

የታቦር ልጅ፦
አልቀረም። ሰኔ 19፣ 2021 ሌላ ሙሉ ግርዶሽ አለ፣ እሱ ንጋት ላይ ነው። ከሌሊቱ 10:32 መቆረስ ይጀምራል፣ 11:31 ላይ ሙሉ ይሆናል፣ ከዚያ ጨረቃ እንደተጋረደች በሐይቁ በኩል ትጠልቃለች። ሰማዩ እየነጋ ስለሚሄድ ቅላቷ ቶሎ ይደበዝዛል፣ ያለሽ ጊዜ አጭር ነው። ክረምት መግቢያም ስለሆነ ለደመናው ዋስ አልሆንሽም።