ኤስቢ010 ለአስም «የጂን ሕክምና» ነው? ኤኤቪስ ለምን አልደረሰም?

ጥያቄ፦ ትንፋሽ21
ሰላም ለሁላችሁ። የአለርጂ አስም የጂን ሕክምና ሲነሳ በ2015 የታተመው የጀርመኑ ኤስቢ010 የተባለ መድኃኒት ሙከራ ሁሌም ይጠቀሳል። መድኃኒቱ ግን አዲስ ጂን አያስገባም፤ ታዲያ ለምን እዚህ ይመደባል? ደግሞስ ለሄሞፊሊያ (ደም በቀላሉ የማይረጋበት የውርስ ሕመም) የተፈቀደው፣ ኤኤቪ በተባለ ጂን ተሸካሚ ቫይረስ የሚሰጥ ሕክምና ወደ አስም ያልመጣው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ዘረመል_አንባቢ
በጠባቡ ካየነው የጂን ሕክምና አይደለም። ኤስቢ010 ዲኤንኤዛይም ነው፤ እንደ ኢንዛይም የሚሠራ አጭር ዲኤንኤ። ሁለት ክንዶቹ ጋታ3 የተባለውን ጂን መልእክተኛ አርኤንኤ (የጂኑን ትእዛዝ የሚያደርስ ቅጂ) ይይዛሉ፣ መሐሉ ያለው 15 ኑክሊዮታይድ (የዲኤንኤ ፊደል) ይቆርጠዋል። ክሮሞዞሙን አይነካም። ሴሉ አዲስ ቅጂ መገልበጡን ስለማያቆም መድኃኒቱ በየቀኑ መሰጠት ነበረበት።

ጋታ3 የተመረጠው ቲኤች2 የተባሉት የመከላከያ ሴሎች የአለርጂ ብግነት መልእክተኞቹን ኢንተርሉኪን 4፣ 5 እና 13ን እንዲያመርቱ የሚያዝዘው እሱ ስለሆነ ነው። መጠኑ 10 ሚሊግራም፣ በቀን አንዴ በመተንፈስ፣ ለ28 ቀን ነበር። በ40 ሕሙማን ላይ አለርጂውን አስተንፍሰው ሲለኩ፣ ከሰዓታት በኋላ የሚመጣው የአየር ቧንቧ መጥበብ በ34 በመቶ ቀነሰ፤ በፕላሴቦ (በማስመሰያ መድኃኒት) በ1 በመቶ ጨመረ። ወዲያው የሚመጣው በ11 በመቶ ሲቀንስ በፕላሴቦ በ10 በመቶ ጨመረ።

መልስ፦ አክታ_መርማሪ
ቁጥሮቹ ልክ ናቸው፤ አንድ የሚዘለል ነገር ግን አለ። በዚያው ሙከራ በትንፋሽ የሚወጣው ናይትሪክ ኦክሳይድ (የብግነት ምልክት) አልቀነሰም፣ ቧንቧው ለሜታኮሊን (ቧንቧን ለሚያጠብ የመመርመሪያ ንጥረ ነገር) ያለው ቁጡነትም አልተለወጠም። የተመረጡትም አክታቸው ውስጥ ኢዮሲኖፊል (የአለርጂ ነጭ የደም ሴል) ያለባቸው፣ በአለርጂው ወዲያውም ዘግይቶም የሚጠብባቸው ሰዎች ናቸው። «አስምን በ34 በመቶ ይቀንሳል» ብሎ መጻፍ ስለዚህ ስህተት ነው። የተለካው በላብራቶሪ የተቀሰቀሰ ምላሽ እንጂ በዓመት ስንቴ እንደሚብስበት አይደለም።

መልስ፦ ቬክተር_ጉዳይ
ስለ ኤኤቪ። ሄሞፊሊያ የአንድ ጂን ጉድለት ነው፤ ቫይረሱ በደም ሥር ገብቶ ጉበት ውስጥ ይቀመጣል፣ የጉበት ሴልም ቶሎ አይተካም። አስም የብዙ ጂኖችና የአካባቢ ድምር ነው፤ «የተበላሸው ይኸው» ተብሎ የሚተካ አንድ ጂን የለውም።

ሳንባ ራሱም ይከላከላል። ንፍጡ ቬክተሩን (ጂኑን የሚሸከመውን) ይይዛል፣ ሲሊያዎቹ (የቧንቧው ጥቃቅን ፀጉሮች) ጠርገው ያወጡታል። ለሌላው ጂን ተሸካሚ ቫይረስ ለአዴኖቫይረስ ደግሞ ዋናው መያዣ ተቀባይ ያለው በሴሉ የጎንና የታች ገጽ ነው፣ አየሩ ከሚነካው ገጽ በታች። ሽፋኑ ስለሚታደስ የገባው ጂን ከሴሉ ጋር ይረግፋል። ድገሙ ሲባል ሰውነት ፀረ እንግዳ አካል ሠርቶ ይጠብቃል። አስም ባለበት ሰው ላይ ደግሞ ቬክተሩ የሚያስነሳው ብግነት ራሱ ቧንቧውን ሊያጠብ ይችላል፤ እኔን ከሁሉ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

ልኩን ለማየት የእንግሊዙን የሲስቲክ ፋይብሮሲስ (ሳንባን በወፍራም ንፍጥ የሚሞላ የውርስ በሽታ) ሙከራ ተመልከቱ፤ በ2015 ነው የታተመው። በስብ ጠብታ የታሸገ ጂን 5 ሚሊሊትር፣ በየ28 ቀኑ፣ ለአንድ ዓመት ተሰጥቶ ከፕላሴቦ ጋር የታየው የትንፋሽ አቅም ልዩነት 3.7 በመቶ ነበር። ያውም ጉድለቱ አንድ ጂን በሆነ በሽታ።

መልስ፦ ኔቡላይዘር
ስለ አሰጣጡ ልጨምር። ጠብታው ከ1 እስከ 5 ማይክሮን ካልሆነ ከጉሮሮ አያልፍም ወይም ተመልሶ ይወጣል። በአየር ግፊት የሚሠራው ኔቡላይዘር (መድኃኒትን ወደ ጉም የሚቀይር መሣሪያ) ረጅም ፕላዝሚድን (ጂን የሚሸከም ክብ ዲኤንኤ) ይበጣጥሰዋል፤ የወንፊት ዓይነቱ ይሻላል። እንደ ዲኤንኤዛይም ያለ አጭር ሞለኪውል ግን ይቋቋመዋል። ቧንቧው በጠበበበት ሰው ጠብታው ትልልቆቹ ቧንቧዎች ላይ ስለሚከማች ታችኞቹ ሳይደርሳቸው ይቀራል።

መልስ፦ ትንፋሽ21
አመሰግናለሁ። ታዲያ ሳንባውን ትቶ በጉበት በኩል ቢኬድስ?

መልስ፦ ቬክተር_ጉዳይ
በአይጥ ተሞክሯል። አይጂኢን (የአለርጂ ፀረ እንግዳ አካልን) የሚያግድ አካል የሚያመርት ጂን በኤኤቪ ተሰጥቶ በኦቾሎኒ አለርጂ ላይ ሠርቷል። ጥያቄው ማቆሙ ላይ ነው። ኦማሊዙማብ (አይጂኢን የሚያግድ መርፌ) የሚወስድ ሰው ጉዳት ከታየበት መርፌው ይቋረጥለታል፣ መድኃኒቱም ቀስ በቀስ ከደሙ ይወጣል። ጉበት ውስጥ የገባውን ጂን ግን ማውጣት አይቻልም። ማጥፊያ ያለው ቬክተር እስኪሠራ ድረስ፣ ሜፖሊዙማብ (ኢንተርሉኪን 5ን የሚያግድ መርፌ) 100 ሚሊግራም በየ4 ሳምንቱ በቆዳ ሥር እየተወጋ ለሚረዳው ሰው ይህን መንገድ መምረጥ ይከብዳል።